1,300 ጆሮ ጠቢ ያላፈረሰው ፓርቲ ራሱን እንዴት አፈረሰ?

የማታ አንባቢ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን የአሜሪካ ኮሚኒስቶችን ታሪክ ስበረብር አንድ ነገር አልዋጥ ስላለኝ ወደዚህ ላምጣው አልኩ። የማወራው ስለ ትልቁ፣ ስለ ሞስኮ ወዳጁ ፓርቲ አይደለም። ስለ ትንሹ ነው። ሶሻሊስት ዎርከርስ ፓርቲ ስለሚባለው፣ ስለ ትሮትስኪ (ከስታሊን ጋር ተጣልቶ የተሰደደው የሩሲያ አብዮተኛ) ተከታዮቹ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ቀድሜ ልናገር፣ እዚህ ቤት በዘመን አቆጣጠር የሚጣላ አይጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ፓርቲ በጣም በሰፋበት በ1970ዎቹ እንኳ አባላቱ ከሁለት ሺህ ብዙም አይዘሉም ነበር። ኤፍቢአይ ግን ከ1960 እስከ 1976 ባለው ጊዜ 1,300 ያህል ጆሮ ጠቢ አሰማርቶበታል። ከነሱ 300 ያህሉ የፓርቲው ወይም የወጣት ክንፉ አባል ሆነው የገቡ ናቸው። አብረውህ ሊቀመንበር ይመርጣሉ፣ አብረውህ በራሪ ወረቀት ይበትናሉ፣ ማታ ሪፖርታቸውን ጽፈው ገንዘባቸውን ይቀበላሉ። ቢሮዎቹ በድብቅ ከ200 ጊዜ በላይ ተሰብረው ተበርብረዋል። በ1961 የኤፍቢአይ አለቃ ኤድጋር ሁቨር ለዚህ ፓርቲ ብቻ የተለየ የማወክ ዘመቻ አስጀምሯል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ራሳቸው ከሰው ስላወጡት ነው። በ1973 መንግሥትን ፍርድ ቤት ገተሩት። በ1986 ዳኛ ቶማስ ግሪሳ ፈረዱላቸውና 264,000 ዶላር ካሳ ተወሰነላቸው። አንድ ሚጢጢ ኮሚኒስት ፓርቲ ኤፍቢአይን ረታ ማለት ነው!

ፍርዱ ሲወጣ ግን ፓርቲው ራሱ እየተበተነ ነበር። ያረጁት ታጋዮች በር ላይ ነበሩ፣ በውጭ በኩል። የኔ ግምት፣ ሰላይ ያልቻለውን ሥራ የገዛ አመራራቸው ሠራው። እስቲ የምታውቁ ተናገሩ።

ሚኒሶታ ብርዱ፦
የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው፣ የጭነት መኪና እነዳለሁ፣ የቲምስተርስ ማኅበር አባል ነኝ። እዚህ ስለ እነዚህ ሰዎች የምንሰማው ከፓርቲ ታሪክ ሳይሆን ከማኅበሩ ታሪክ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሰል መጋዘን ውስጥ ነው። ካርል ስኮግሉንድ የሚባል ስዊድናዊና የደን ወንድማማቾች (ቪንሰንት፣ ማይልስ፣ ግራንት) ከሰል ጫኚና ነጂ ነበሩ። በ1928 ትልቁ ኮሚኒስት ፓርቲ ካባረራቸው ትሮትስኪስቶች ጋር የወገኑ ናቸው። አድማውን የጠሩት በየካቲት 1934 ነው። ሚኒሶታን በየካቲት የማያውቅ አይገባውም፤ ከሰል ካልመጣ ቤቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል። በጥቂት ቀን ውስጥ አሠሪዎቹ እጅ ሰጡ።

ከዚያ ግንቦት፣ ከዚያ ሐምሌ። ተዘዋዋሪ ጠባቂ የሚሉትን ነገር አመጡ። አድመኞች በመኪና እየዞሩ ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ጭነት ያስቆማሉ፣ በስልክ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ይመራቸዋል። የራሳቸው ወጥ ቤት፣ የራሳቸው ሐኪም፣ የራሳቸው ዕለታዊ ጋዜጣ ነበራቸው። ሚስቶቻቸው ደግሞ የራሳቸውን ኮሚቴ አቁመው ነበር። ሐምሌ 20 ፖሊስ ተኩስ ከፈተ። 67 ሰው ተመታ፣ ሁለቱ ሞቱ። ሄንሪ ኔስ ሲቀበር ቀብሩ ላይ የወጣው ሕዝብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር። ገዢው ኦልሰን ወታደራዊ አስተዳደር አወጁ፣ ወታደር ጽሕፈት ቤቱን ወረረ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ አድማው ግን አልቆመም። ነሐሴ ላይ ማኅበሩ አሸነፈ።

ፋረል ዶብስ የሚባለውን ልብ በሉልኝ። በ1932 ምርጫ ድምፁን ለሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ለኸርበርት ሁቨር (የኤፍቢአዩ አይደለም) የሰጠ ከሰል ጫኚ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የአድማው መሪ፣ በኋላ ደግሞ ከ1948 እስከ 1960 አራት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ ኮሚኒስት ሆነ። ረጅም መንገድ ነጂዎችን የማደራጀት ዘዴውን ከሱ የተማረው ማን መሰላችሁ? ጂሚ ሆፋ ነው፣ በኋላ የቲምስተርስ አለቃ የሆነው። ያው ሆፋ በ1941 የዶብስን ሰዎች ከሚኒያፖሊስ ለማስወጣት ተላከ። እንዲህ ነው እንግዲህ ተማሪና አስተማሪ።

ሻይ በሎሚ፦
ለሚኒሶታ ብርዱ፦ ታሪኩ ያምራል ወንድሜ። ግን እውነቱን እንነጋገር። አንድ ከተማ፣ አንድ ማኅበር፣ አንድ ዓመት። ከዚያ በኋላስ? ከ1938 ጀምሮ ሶሻሊስት ዎርከርስ ፓርቲ ተብለው ያሸነፉት አንድ ምርጫ ንገሩኝ። በ1976 ፒተር ካሜሆ 90 ሺህ ድምፅ አገኘ፣ እሱ ነው ትልቁ ድላቸው። በ2016 ደግሞ 12 ሺህ ገደማ። አሜሪካን በሚያህል አገር! ኤፍቢአይ 1,300 ሰው ላከ ማለት አስፈሪ ነበሩ ማለት አይደለም። ሁቨር ገንዘብና ጊዜ ተርፎት ነበር ማለት ነው።

የማታ አንባቢ፦
ለሻይ በሎሚ፦ በድምፅ ከለካሃቸው ልክ ነህ። እኔ ግን በድምፅ አልለካቸውም። ይልቅ 1941ን ስማኝ።

የቲምስተርስ አለቃ ዳንኤል ቶቢን የሩዝቬልት ወዳጅ ነው። ሚኒያፖሊስ ያሉት አክራሪዎች ጦርነቱን ይቃወማሉ፣ እሱንም አይሰሙትም። ለዋይት ሐውስ አቤት አለ። ሰኔ ላይ ኤፍቢአይ ቢሮአቸውን በረበረ። 29 ሰዎች ተከሰሱ፣ አንዱ (ግራንት ደን) ከችሎቱ በፊት ራሱን አጠፋ። የተከሰሱበት በ1940 የወጣው የስሚዝ ሕግ ነው፤ መንግሥትን በኃይል ስለ መገልበጥ መስበክ ወንጀል ነው የሚል። ድርጊት አያስፈልግም፣ ንግግር ይበቃል። 18ቱ ተፈረደባቸው። የፍርዱን ቀን ተመልከቱ፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 1941፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች ማግስት።

አሁን ዋናው ይመጣል። ትልቁ ኮሚኒስት ፓርቲ በዚህ ክስ ጊዜ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ከመንግሥት ጎን ቆመ! ትሮትስኪስቶች የፋሺስት ተላላኪ ናቸው፣ ይገባቸዋል አለ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ ያው የስሚዝ ሕግ ዞሮ መጣና የትልቁን ፓርቲ 11 መሪዎች ኒው ዮርክ ላይ ለቀመ። ያን ጊዜ ትንንሾቹ፣ እስር ቤት የከረሙት፣ ሕጉን ተቃውመው ለትልቆቹ መብት ጮኹ። ይሄ ነው እኔን የሚይዘኝ። በዚያ ወቅት ከነሱ ሌላ ለጠላቱ መብት የጮኸ ግራ ዘመም ስንት ነበር?

የቀበና ልጅ፦
ማልኮም ኤክስ ከነሱ ጋር ግንኙነት ነበረው የሚባለው እውነት ነው? ወይስ ሁሉም በሱ ስም መነገድ ስለሚወድ ነው?

የማታ አንባቢ፦
ለቀበና ልጅ፦ እውነት ነው እህቴ፣ ግን አባል አልነበረም። ኔሽን ኦፍ ኢስላም ከሚባለው የጥቁር ሙስሊሞች ድርጅት ከወጣ በኋላ በጋዜጣቸው ስም በሚጠራው የኒው ዮርክ የውይይት መድረክ ላይ ሦስት ጊዜ ተናግሯል፤ ሁለቴ በ1964፣ አንዴ በጥር 1965። ሊገደል ስድስት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ጋዜጣቸውን ዘ ሚሊታንትን በአድናቆት ይጠቅስ ነበር። ከሞተ በኋላ ንግግሮቹን ሰብስቦ አርሞ ያሳተመው ጆርጅ ብራይትማን የሚባል አንጋፋ አባላቸው ነው። ዛሬ ማልኮምን በራሱ ቃል የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነበው በዚህ ሰው ድካም የመጣውን ነው። ብራይትማንን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የጥንቱ ማኅበርተኛ፦
ልጆች፣ ስትወያዩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። በ70ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ተማሪ ነበርኩ። የኛ ማኅበር ስብሰባ በተጠራ ቁጥር በር ላይ ጋዜጣ ይዘው የሚቆሙ ፈረንጆች ነበሩ። ጨዋዎች ነበሩ፣ ደረቅ ነበሩ፣ አይሰለቻቸውም። እኛ ግን በጊዜው ልባችን ወደ ማኦ ነበር፣ ትሮትስኪ ማለት ስድብ ነበር። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁን ግማሻችን አንድ ገጹን አላነበብንለትም።

አንድ ነገር ግን ልጨምርላችሁ፣ ከኛ አገር ጋር ስለሚገናኝ። ጣሊያን በ1935 ሲወረን ሶቭየት ኅብረት በመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ ጥሩ ጥሩ ነገር እየተናገረች ለሙሶሊኒ ነዳጅ መሸጧን አላቆመችም። ይህን ጉድ በየአደባባዩ ሲያጋልጡ ከነበሩት መሐል ሲ ኤል አር ጄምስ አለ፤ የትሪኒዳድ ጥቁር፣ ትሮትስኪስት። ያኔ ለንደን ውስጥ የአቢሲኒያ ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ለኢትዮጵያ ጦር ሄጄ ልዋጋ ብሎ ለሚኒስትራችን ለሐኪም ወርቅነህ ነግሯቸው፣ እሳቸው እዚሁ ሆነህ የምትሠራው ይበልጥ ይጠቅመናል ብለው መለሱት።

ይኸው ጄምስ በ1938 አሜሪካ መጥቶ እናንተ የምታወሩለት ፓርቲ ውስጥ ገባ። በ1939 ሜክሲኮ ሄዶ ከትሮትስኪ ጋር ስለ ጥቁሮች ጥያቄ ተወያየ። ጥቁሮች የራሳቸውን ድርጅት ይዘው በራሳቸው ጥያቄ ይታገሉ፣ የነጭ ሠራተኛውን መነሣት መጠበቅ የለባቸውም፣ የሚል አሳብ ከዚያ ወጣ። ፓርቲው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ማልኮምን ከሌላው ግራ ዘመም ቀድሞ ማዳመጥ የቻለው በአጋጣሚ አልነበረም።

የቀበና ልጅ፦
ለጥንቱ ማኅበርተኛ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን የሐኪም ወርቅነህን ነገር ፈጽሞ አልሰማሁም ነበር። ጄምስ እዚያው ፓርቲ ውስጥ ቆየ ወይ?

የጥንቱ ማኅበርተኛ፦
የለም ልጄ። በ1940 ወጣ፣ በ1947 ተመለሰ፣ በ50ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ወጣ። እንዲህ ነበር የነሱ ቤት።

ሻይ በሎሚ፦
በቃ! ጋሼ ራሳቸው መለሱልን። የማታ አንባቢ ግን ፓርቲውን ያፈረሰው የኋለኛው አመራር ነው እያለ ነው። ኧረ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነበሩ። ቁጠሩልኝ። በ1939 መጨረሻ ሶቭየት ፊንላንድን ስትወር፣ ሶቭየት ምን ዓይነት መንግሥት ናት ብለው ተጣሉና በ1940 ከመሪዎቹ አንዱ ሻክትማን 40 በመቶ የሚሆነውን አባል ይዞ ሄደ። በ1953 ሌላ አንጃ። በ1959 ሳም ማርሲ፣ የሶቭየት ታንክ ሃንጋሪ መግባቱ ትክክል ነው የሚለው፣ ወጥቶ ዎርከርስ ወርልድ የሚባል ፓርቲ መሠረተ፤ ከዚያ በ2004 ደግሞ ሌላ ተቀደደ። በ60ዎቹ ስፓርታሲስቶች የሚባሉት ተባረሩ። ሁለት ሰው ሲሆኑ ፓርቲ፣ ሦስት ሲሆኑ አንጃ። እኛ ይህን ፊልም አይተነዋል አይደል እንዴ፣ አንጃ የሚለውን ቃል ከነደሙ እናውቀዋለን።

የማታ አንባቢ፦
ለሻይ በሎሚ፦ ልዩነት አለው ወዳጄ። በ1940 የሆነውን አንብበው። ለወራት ተከራከሩ። ሁለቱም ወገን በፓርቲው የውስጥ መጽሔት ላይ ጻፈ። ትሮትስኪ ራሱ ከሜክሲኮ እየጻፈ እንደ አንድ ተከራካሪ ገባ። ጉባኤ ተጠራ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ አናሳዎቹ የራሳቸውን ጋዜጣ እናውጣ ብለው ነው መንገድ የተለያዩት። የፓርቲው መሪ ጄምስ ካነን ጨካኝ አደራጅ ነበር፣ አልክድም። የሚያባርርህ ግን ከተከራከረህ በኋላ ነው።

አሁን 1983ን ተመልከት። ጃክ ባርንስ ከ1972 ጀምሮ መሪ ነው። በ1982 ማብቂያ ላይ ተነሥቶ የትሮትስኪን ዋና አሳብ፣ ቋሚ አብዮት የሚባለውን (አብዮቱ በደረጃ ሳይቆም እስከ ሶሻሊዝም ይቀጥላል የሚለውን)፣ በንግግር ጣለው። ፓርቲው ለሃምሳ ዓመት ተሰድቦም ታስሮም የያዘውን አሳብ! ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ጉባኤ ሳይወያይበት። ጉባኤው ራሱ ተላለፈ፤ በሕገ ደንቡ በሁለት ዓመት አንዴ መጠራት ሲገባው። የተቃወሙ ከጉባኤው በፊት በዲሲፕሊን ስም በየከተማው እየተለቀሙ ተባረሩ። ብራይትማንን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ማልኮምን ያሳተመው ሰው፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አባል የነበረ፣ በ1984 ተባረረ። በ1986 ውጭ እያለ ሞተ፤ ዳኛ ግሪሳ በፈረዱበት በዚያው ዓመት።

ሌላም አለ። ጄምስ ከቸር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ውስጥ ሳን ፒዬትሮ ላይ ሁለት እግሮቹን ያጣ የአሜሪካ ወታደር ነው። ኒውርክ ውስጥ በጦር ጉዳተኞች መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1948 የዚህ ፓርቲ አባል ነህ ተብሎ ተባረረ። ከመንግሥት ቤትም ሊያስወጡት ሞከሩ፣ የጉዳት ጡረታውንም ያዙበት። ሰውዬው በእንጨት እግሩ እየዞረ አገር ምድሩን አስነሣ፣ ስምንት ዓመት ተሟግቶ በ1956 ሥራውን አስመለሰ። በማካርቲ ዘመን፣ ኮሚኒስት በሚታደንበት ጊዜ፣ ተሟግተው ካሸነፉ ጥቂቶች አንዱ ነው።

ይህን ሰው በ1983 ማን አባረረው? የገዛ ፓርቲው። ሰባ ዓመት የሆነውን፣ እግር የሌለውን ሰው፣ ጓድ ላይ የኃይል ድርጊት ፈጽሟል ብለው። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ።

ሚኒሶታ ብርዱ፦
ይሄ ያማል። የኃይል ድርጊት? እግር የሌለው ሰው? ሼም ነው።

አንድ የተረሳ ግን አለ፣ የኢንዱስትሪው ጉዳይ። በ1978 አመራሩ አባላቱ ሁሉ ፋብሪካ ይግቡ አለ። አስተማሪው ማስተማሩን ትቶ፣ ነርሷ ሆስፒታሏን ትታ፣ ወደ ብረት ማቅለጫ፣ ወደ ማዕድን፣ ወደ ባቡር። አሳቡ ሞኝነት አልነበረም፣ የ1934ቱን ሰዎች መከተል ነበር። ግን ጊዜውን እዩት! ገና ከመግባታቸው ፋብሪካው መዘጋት ጀመረ። በ1981 ሬገን ከ11 ሺህ በላይ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪዎችን በአንድ ጊዜ አባረረ። ብዙዎቹ አባላት ቤታቸውን ጥለው ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ደከሙና ዝም ብለው ተዉት። እነዚህ አልተባረሩም፣ ቀሩ። ስለዚህ የማታ አንባቢ፣ ሁሉን ነገር ባርንስ ላይ አትጫንበት። ማኅበር በሚፈርስበት ዘመን የሠራተኛ ፓርቲ ማን ያቆማል?

የማታ አንባቢ፦
ለሚኒሶታ ብርዱ፦ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ እስማማለሁ። 1941ስ ጥሩ ዘመን ነበር እንዴ? 1953ስ? ያን ጊዜም ተመነመኑ፣ ግን የቀረው ሰው ተመልሶ የሚሰበሰብበት ቤት ነበረው። በቬትናም ጊዜ ወጣቱ ሲነሣ ያ ቤት ስለነበረ ነው በመቶ ሺዎች የሚወጡበትን ሰልፍ ማደራጀት የቻሉት። የሚያዝያ 1971ዱን የዋሽንግተን ሰልፍ ካዘጋጁት ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። ፍሬድ ሃልስቴድ፣ ግዙፉ ሰውዬ፣ ልብስ ቆራጭ፣ የ1968ቱ እጩአቸው፣ ከማንም ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ሰው ነበር። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጦሩ አሁኑኑ ይውጣ። በሌላው ሁሉ ተለያዩ ይል ነበር። 1980ዎቹ ላይ የጠፋው ይሄ ትዕግሥት ነው፣ ዘመን አይደለም።

ሻይ በሎሚ፦
እሺ፣ ክሱ ላይ አንድ ጥያቄ። ኤፍቢአይ እነዚያን 1,300 ሰዎች ልኮ ምን አገኘ?

የማታ አንባቢ፦
ለሻይ በሎሚ፦ ምንም! ዳኛው የተገረሙበት እሱ ነው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ጆሮ ጠቢ ስለላ፣ ሽብር ወይም የታቀደ የኃይል ድርጊት አየሁ ብሎ ሪፖርት አላደረገም። የሠሩት ሥራ ምን ነበር ካልክ፣ ስም የለሽ ደብዳቤ መጻፍ። አሪዞና ውስጥ ሞሪስ ስታርስኪ የሚባል የፍልስፍና መምህር ከዩኒቨርሲቲው እንዲባረር ስም አጥፊ ደብዳቤ ልከዋል። ኒው ጀርሲ ላይ አንድ የቦይ ስካውት አሠልጣኝን ሚስቱ የፓርቲው አባል ስለሆነች ብቻ አስወጥተውታል። ልጆች ገመድ ማሰር የሚያስተምር ሰው!

በክሱ መሐል ደግሞ ዳኛው የ18 ጆሮ ጠቢዎችን መዝገብ አስረክቡ አሉ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ግሪፈን ቤል እምቢ አሉ። በ1978 ዳኛው የአሜሪካን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ችሎት በመድፈር ጥፋተኛ አሏቸው። ይግባኝ ሰሚው በኋላ ሻረው፣ መዝገቡም አልወጣም። ማን ማን እንደነበረ ብዙዎቹ ጓዶች ሳያውቁ ሞቱ።

የጥንቱ ማኅበርተኛ፦
በኛ ዘመን ይህ ነገር ሌላ መዘዝ ነበረው። ሰላይ አለ ከተባለ በኋላ የተቃወመህን ሁሉ ሰላይ ማለት ይቀላል። እነሱን የማደንቃቸው አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ሁሉ ጆሮ ጠቢ መሐል እርስ በርስ ሰላይ እየተባባሉ አለመበላላታቸው ነው። ክሱን እንኳ በፍርድ ቤት፣ በግልጽ ነው የጨረሱት። የሌላ ቡድን ሰዎች ከውጭ መጥተው ከመሪዎቻቸው አንዱን ጆሴፍ ሃንሰንን፣ የትሮትስኪ ጸሐፊ የነበረውን፣ የኤፍቢአይ ሰው ነው ብለው ለዓመታት ሲጮኹ አባላቱ አልተደናገጡም። በኛ ቤት ቢሆን ምን እንደሚከተል አትጠይቁኝ።

የቀበና ልጅ፦
ዛሬ አሉ ወይ? ምንድነው አቋማቸው?

ሚኒሶታ ብርዱ፦
ለቀበና ልጅ፦ አሉ። ሽማግሎች ናቸው አብዛኞቹ። ጋዜጣው በየሳምንቱ ይወጣል፣ እጩም ያቀርባሉ፣ ኩባን እስከ ዛሬ ይደግፋሉ። ሌላውን ግራ ዘመም ያስቆጣው ግን እስራኤል የአይሁድ መጠጊያ ሆና የመኖር መብት አላት ማለታቸው ነው። በ70ዎቹ የጻፉትን ለሚያውቅ ሙሉ በሙሉ ዞረዋል። ዩክሬንንም በሩሲያ ላይ ይደግፋሉ። እኛ ሰፈር አድማ ሲኖር አንዳንዴ ጋዜጣ ይዘው ይመጣሉ፣ ከአድመኛው ጋር በር ላይ ይቆማሉ፣ ቡና ይዘው። ስለ ሌላው ባልስማማም እሱን አልረሳላቸውም።

ሻይ በሎሚ፦
ለየማታ አንባቢ፦ የድሮውን ጋዜጣ የት ነው የምታገኘው? ከ1934ቱ ጀምሮ ማየት እፈልጋለሁ። ልጣላህ ከሆነ አንብቤ ልጣላህ።

የማታ አንባቢ፦
ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። የማርክሲስት መዛግብት ድረ ገጽ ላይ ከኅዳር 1928 የመጀመሪያ እትም ጀምሮ ተነሥቶ ተቀምጧል። ከ1934 ሐምሌ ጀምር፣ ከዚያ ወደ 1940 ክርክር ዝለል። የሚኒያፖሊሱን የአድማ ጋዜጣ ግን ለብቻው ፈልገው፣ ዘ ኦርጋናይዘር ይባላል። ከፓርቲው ጋዜጣ እሱ ይሻላል፤ ቀልድ ይችላሉ።